በሰው አገር የቤት ኢንተርኔት ሲመረጥ

አንባቢ ሆይ፤ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይሁኑ የዞን ጽሕፈት ቤት ጀማሪ ሠራተኛ፣ አንድ ቀን ከጆሃንስበርግ ወይም ከደርባን ተደውሎ «የተማርከው አንተ ነህ፤ የትኛውን ኢንተርኔት ላስገባ?» መባልዎ አይቀርም። ከሆሳዕናና ከዱራሜ፣ ከሾኔና ከሺንሺቾ፣ ከአንጋጫና ከዶዮገና ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጓዝ ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ተማረ የተባለ ሰው ደግሞ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ከእርስዎ ዘንድ ይደርሳል።

ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት እርስዎ ይጠይቁት። የት ነው የምታድረው? ቤቱ በማን ስም ነው? ከስድስት ወር በኋላስ እዚያው ትገኛለህ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ለቤት የሚመጣው ኢንተርኔት በሦስት መንገድ ይገባል፤ በመሬት ወይም በምሰሶ በሚዘረጋ ፋይበር፣ ሲም ካርድ በሚጎርስ ራውተር፣ ወይም በእጅ ስልክ ጥቅል። ፋይበር ከሁሉም የጸናና የፈጠነ መሆኑ አያከራክርም። ዳሩ ግን ፋይበር ቤትን ይከተላል እንጂ ሰውን አይከተልም። ጄፒ መንገድ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ፎቅ ተከራይቶ ለሚኖር ነጋዴ ሊስማማ ይችላል። እነርሱ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ከሸቀጡ ኋላ ለሚያድረው ግን አከራዩም፣ ጎረቤቱም፣ ቀኑም አያስተማምነውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008፣ በ2015 እና በ2019 በመጤዎች ላይ ጥቃት በተነሣ ጊዜ፣ ሱቁን ጥሎ በአንድ ሌሊት ሰፈር የለቀቀው ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው የ24 ወር ውል ማስፈረም ዕዳ ማስታቀፍ ነው፤ ራውተሩ ቢዘረፍም ወርኃዊው ሒሳብ አይቀርለትም። ስለዚህ ወር በወር የሚከፈለውን፣ ወይም አስቀድሞ ተገዝቶ ሲያልቅ የሚያበቃውን ይምከሩት። ቢወደድ እንኳ ልዩነቱ የነጻነት ዋጋ ነው።

ሌላም አለ። የረጅም ጊዜ ውል የባንክ ሒሳብና የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የጥገኝነት ወረቀት ብቻ ለያዘ ሰው ይህን ማሟላት ከባድ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱ የተሟላ የአገር ልጅ «በስሜ ላስገባልህ» ይለዋል። ደግነት ነው፤ ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ አንዱ መክፈል ቢያቅተው የሚጎዳው የፈረመው ነው፤ ጸቡም ውሎ አድሮ ሆሳዕና ድረስ መጥቶ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ሲም ካርድም ቢሆን በአገሩ ሕግ በመታወቂያና በአድራሻ ማስረጃ መመዝገብ አለበት። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ሲም ከመንገድ የገዛ ሰው መሥመሩ ቢዘጋ አቤት የሚልበት የለውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ፍጥነት እንምጣ። ሻጩ «መቶ ሜጋቢት» ሲለው ወንድምዎ መቶ ሜጋባይት መስሎት ይደሰታል። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና 20 ሜጋቢት የተባለው መሥመር በሰኮንድ የሚያወርደው ሁለት ሜጋባይት ተኩል ያህል ነው። ቢሆንም ለወሬ ይህም ትርፍ ነው። በድምፅ ብቻ መነጋገር በሰኮንድ ከ100 ኪሎቢት በታች ይበቃዋል፤ የፊት ምስል ሲጨመርበት ደግሞ አንድ ሜጋቢት ገደማ። የርሱ መሥመር መቶ ቢሆን፣ የእናቱ ስልክ አንጋጫ ገጠር ውስጥ አንዲት የኔትወርክ ምልክት ብቻ ይዞ ከሆነ፣ ምስሉ የሚቆራረጠው እዚህ ነው፤ እዚያ የተጨመረው ገንዘብ እዚህ አይደርስም። ይልቁንም ከዚያው ገንዘብ ቀንሶ ለእናቱ የካርድ መሙያ ቢልክ ይሻላል። እርስዎም ኢትዮ ቴሌኮምንና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያ የገባውን ሳፋሪኮምን በሁለት ሲም ይዘው፣ እናት በምትቀመጥበት ቤት ውስጥ፣ ማታ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት የትኛው እንደሚሻል ይሞክሩላት። በረንዳ ላይ ወጥቶ መሞከር አያታልልዎ።

እኅትዎ ዱባይ ከሆነች ግን ችግሩ ከፍጥነት አይደለም። በዚያ አገር ዋትሳፕ ጽሑፍ ያደርሳል እንጂ አያስደውልም፤ እንደ ቦቲም ያለ ፈቃድ ያለው መደወያ ያስፈልጋል። ለትምህርት ቻይና የሚሄደውም ዋትሳፑም ቴሌግራሙም ተዘግተው ያገኛቸዋል፤ ስለዚህ ዊቻት ከመሄዱ በፊት በቤተሰቡ ስልክ ላይ ይጫን። አባት ከልጁ ተለይቶ አዲስ ነገር መማር ይቸግረዋል።

ወደ ደቡብ አፍሪካው ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሞኘው በሌሊት ጥቅል ነው። «40 ጊጋ» ተብሎ ከተሸጠው ግማሹ ብዙ ጊዜ በሌሊት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 11 ሰዓት፣ እንደ ድርጅቱም ትንሽ ዘግየት ይላል። የእኛ ሰዓት ከነርሱ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ ያ ጊዜ ለሆሳዕና ከሌሊቱ 7 እስከ ንጋት 12 ነው። ሰው ተኝቷል ብሎ ብዙው ያባክነዋል። ነገር ግን እናት 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ እሳት ስታነድ፣ ዳቦ ለመቀበል በማለዳ የሚነሣው ባለ ሱቅ በርሱ ሰዓት 10 ሆኖለታል። 12 ሳይሞላ ያች አንዲት ሰዓት ለሁለቱም ትመቻለች፤ ኔትወርኩም በዚያ ሰዓት ሰው አይበዛበትም። ሰዓቷን ለእናት የሚነግሩት ታዲያ እርስዎ ነዎት።