ስለ መቃብር ቦታ ጉብኝት

ብዙ ሰዎች መቃብር ቦታን የሚያዩት ሰው ሲቀበር ብቻ ነው። ከቀብር በኋላ በደኅና ቀን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲያዩም «ይህ ሟርት ነው» ብለው ይከለክሉታል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። በጸጥታና በክብር ወደ ቀደሙት ሰዎች መቃብር መሄድ መልካም ነገር ነው። ስለ ምን? ጎብኚ የሌለው መቃብር ጠባቂ የለውምና።

የሞተ ሰው ቤቱን ሊጠብቅ አይችልም። ድንጋዩን ቢወስዱበት አይጮኽም፤ አጥሩን ቢያፈርሱበት ወደ ዳኛ ሄዶ አይከስም። ስለዚህ የሟች ጠበቃ በሕይወት ያለው ሰው ነው። በሕይወት ያለውም ሰው ያላየውንና ያላወቀውን ነገር ሊጠብቅ አይችልም።

ይህን ለመረዳት ከያቤሎ መራቅ አያስፈልግም። በቦረና ሜዳ ላይ የተቀበረ ሰው መቃብሩ በድንጋይ ክምር ይታወቃል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ክምሩን ሲያይ ተራ ድንጋይ ይመስለዋል፤ ሽማግሌው ግን የማን መቃብር እንደ ሆነ ያውቃል። ልጁ ካልጠየቀ፣ ሽማግሌውም ሳይናገር ከሞተ፣ ያ ክምር በእውነት ተራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ከያቤሎ በስተ ምዕራብ ያሉት የኮንሶ ሰዎች ደግሞ ለጀግኖቻቸውና ለታላላቆቻቸው መታሰቢያ ከጠንካራ እንጨት ሐውልት ይቀርጹ ነበር። ሐውልቱ ዋካ ይባላል። የሟቹ ምስል በመካከል ይቆማል፤ የሚስቶቹ ምስል፣ የገደላቸውም ጠላቶችና አራዊት ምስል በአጠገቡ ይደረደራል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይህን አይቶ የሟቹን ታሪክ ይረዳል። ነገር ግን ሌቦች ብዙ ዋካዎችን ሰርቀው ሸጡ። ከሌቦች እጅ የተመለሱት በካራት ከተማ በሙዚየም ተቀምጠዋል፤ ይህም መልካም ነው። ሆኖም አንድ ዋካ ከቦታው ከተነሣ በኋላ ከየትኛው መቃብር እንደ መጣ የሚናገር ሰው ከሌለ፣ እንጨቱ ይመለሳል እንጂ ታሪኩ አይመለስም። ከመጽሐፍ ተቀድዶ እንደ ወደቀ ገጽ ይሆናል። የኮንሶ አገር በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል፤ መዝገብ ግን እንደ ዘበኛ ቆሞ አያድርም።

ከያቤሎ ወደ ሰሜን፣ በቡሌ ሆራ አልፈን ወደ ዲላ ስንሄድ የጌዴኦን አገር እናገኛለን። በዚያ ቱቱ ፈላ በሚባለው ስፍራ የጥንት ሰዎች መቃብር አለ፤ በላዩም ብዙ ድንጋዮች ተተክለዋል። በአንዳንዶቹ ላይ የሰው ፊት ተቀርጾባቸዋል። ስም አልተጻፈባቸውም። ነገር ግን ብረት ድንጋይ እስኪበሳ ድረስ የደከመ ያ ጠራቢ ሟቹ እንዳይረሳ ፈልጎ እንደ ደከመ ማን ይጠራጠራል? ይህም አገር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ምናልባት አንድ ሰው «መቃብርን መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የመንገደኛ ጉብኝት ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው በሩቅ አገር የሆነውን እንንገረው። በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ በመቃብር ስለ ሞላ ከከተማው ወጣ ብለው ሰፊ የመቃብር ቦታዎችን አዘጋጁ። ከእነርሱ አንዱ ሃይጌት ይባላል፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1839 ተከፈተ። በውስጡም ዛፍ ተክለው መንገድ አበጁለት፤ ሰዎችም በጸጥታ ይመላለሱበት ነበር። የአንጥረኛ ልጅ የነበረው፣ በመጽሐፍ ጥራዝ ሥራ ሳለ ከሚጠርዛቸው መጻሕፍት የተማረው፣ ኋላም የኤሌክትሪክን ኃይል በመመርመር የታወቀው ማይክል ፋራዴይ የተቀበረው በዚያ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን የመቃብሩ ኩባንያ ገንዘቡ አለቀ፤ ሐረግና ቍጥቋጦ መቃብሩን ዋጠው፣ ሥሮችም ሐውልቱን ሰነጠቁት። ያን ጊዜ ስፍራውን የሚወዱ ሰዎች በ1975 ማኅበር አቋቁመው ማጽዳትና መጠገን ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች የሟቾቹ ዘመዶች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ ስፍራውን በእግራቸው ስላወቁትና ስለ ወደዱት ነው እንጂ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ወደ ቀደሙት ሰዎች መቃብር ስትሄዱ ይህን ጠብቁ። አስቀድማችሁ ከስፍራው ሽማግሌዎች ፈቃድ ጠይቁ፤ የማን መቃብር እንደ ሆነም እንዲነግሩአችሁ ለምኑ። በዝግታ ሂዱ፤ አትሩጡ፤ አትጩኹ። ሐዘንተኛ ሰው በዚያ ካለ ዘወር በሉለት። በድንጋዩ ላይ አትቀመጡ፤ ስማችሁንም አትጻፉበት። የወደቀውን እናንሣ ብላችሁ አታንቀሳቅሱ፤ ለሚያውቅ ሰው ንገሩ እንጂ። ትንሽ ጠጠር እንኳ ለመታሰቢያ ብላችሁ አትውሰዱ፤ መቶ ልጆች መቶ ጠጠር ቢወስዱ ክምሩ ያልቃልና።

በአገራችን ሰው ስለ ሞተ ሰው ሊናገር ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ይህ መልካም አነጋገር ነው። ነገር ግን በአፉ ሙታንን ላለመውቀስ የሚጠነቀቅ ሰው በእጁ ድንጋያቸውን ቢያነሣ፣ ወይም ሲነሣ አይቶ ዝም ቢል፣ ጥንቃቄው ምን ረባ? አፋችን እንዳከበራቸው እጃችንና እግራችንም ያክብሯቸው። እኛም አንድ ቀን ጠባቂ እንፈልጋለን፤ ጠባቂያችንም ዛሬ ከእኛ አይቶ የሚማረው ልጅ ነው።