ጎረምሳና ጎልማሳ በሐይቁ በር ላይ

ባንክ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሰው ዕድሜ አነባለሁ። ደንበኛው ቅጹን ሞልቶ በመስኮቱ ሲያቀብለኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው የትውልድ ዘመኑ ላይ ነው፤ ከእኔ በኋላ የተወለደው ሰው እየበዛ መምጣቱንም የነገረኝ ይኸው ቅጽ ነው። ዘንድሮ 38 ሞላኝ። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች «ጋሼ» ይሉኛል። እውነቱን ልናገርና፣ በውስጤ አንድም ቀን ጋሼ ሆኜ አላውቅም። ጎረምሳና ጎልማሳ የሚሉት ቃላት በፊደል ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ልብ ብላችኋል? እኔ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ቆሜ የቀረሁ ሰው ነኝ።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ስለ አንድ የእግር መንገድ ነው። ዕድሜዬም የመጣው በዚያው መንገድ ተከትሎ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ ነው። የከተማዋ ታላላቅ ሐይቆች፣ ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቦረቦራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ውኃዎች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ጣናና ሐዋሳ በሰፊ ሜዳ ላይ የተንጣለሉ በመሆናቸው በአንድ በኩል ቢዘጉ በሌላ በኩል ይደረስባቸዋል። የእኛዎቹን ግን ገደል ከቧቸዋል፤ ቁልቁል የሚያወርዱት የእግር መንገዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ የገደሉን አፋፍ የያዘ ሰው፣ ውኃውን ባይገዛውም፣ ውኃውን ይዞታል ማለት ነው።

ከእነዚያ መንገዶች አንዱ የእኔ ነበር። «የእኔ» ስል እንደማንኛውም የሠፈር ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን ድንጋይ ጭኜበት የዋኘሁት፣ የመጀመሪያ ግጥሜን ጽፌ ለማንም ሳላነብ የቀደድኩት እዚያው ነው። ሥራ ከያዝኩ በኋላም ቅዳሜ ከሰዓት እወርድ ነበር። ታች ስደርስ 38ቱም፣ ጋሼነቱም፣ ክራቫቱም ከላይ ይቀራሉ። አፋፉ መጀመሪያ በቆርቆሮ ታጠረ፤ ቀጥሎ ግንብ ተሠራ፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ ላሜራ በር ተገጥሞለት ጥበቃ ቆመበት። መግባት የሚቻለው ከፍሎ ነው። የሠፈሩ ሰው አቤት ሲል ቀበሌው ስብሰባ ጠራ።

በአዳራሹ ሰብሳቢው፣ «የሀገር ሽማግሌዎች ከፊት፣ ወጣቶች በስተግራ ተቀመጡ» አሉ። የምቀመጥበት ጠፋኝ። እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ወጣቶቹ ወሰደኝ። አንዱ ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» ሲል ወንበሩን ለቀቀልኝ። በራሴ ሳቅሁ። ስብሰባው እስኪጀመር፣ «አንተ በየት በኩል ነበር የምትወርደው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ ወርጄ አላውቅም፤ ከላይ ነው የማየው» አለኝ። የሠፈራችን ልጅ ነው፤ ከሃያ ዓመት አይበልጥም። ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ። የወጣትነት ስሜቴን ሁሉ የሰጠኝ ያ መንገድ እንደሆነ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። እኔ በ38 ዓመቴ ልጅ የምሆንበት ቦታ ነበረኝ፤ እሱ ገና በልጅነቱ ያ ቦታ የለውም።

ብዙ ሰው ተናገረ። ከሁሉም ያልረሳሁት አንዲት እናት የተናገሩትን ነው። ልጃቸው የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ውኃው ወሰደው። «በሩ ያኔ ተዘግቶ ቢሆን ልጄ ዛሬ ይሄን ልጅ ያህል ነበር» ብለው በእጃቸው እኔን አመለከቱ። በዚያ አዳራሽ «ልጅ» ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ልናገር ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በዚያን ዕለት ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር። የእኒያን እናት ሐዘን በክርክር ልረታው አልሞክርም። ነገር ግን ያ በር የሚለየው ዋና የሚችለውንና የማይችለውን አይደለም፤ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን ነው። ውኃው ከከፈለ ሰው ጋር የተለየ ስምምነት የለውም። ሕይወት የሚያድነው ዋና የሚያውቅ ጠባቂ፣ ገመድና ተንሳፋፊ ጎማ፣ «እዚህ ጥልቅ ነው» የሚል ምልክት ነው። ይህ ሁሉ መንገዱ ተከፍቶም ይደረጋል።

አጥሩ ይፍረስ፣ ባለሀብቱ ይውጣ ከሚሉትም ጋር አይደለሁም። በሐይቆቹ ዳር ከሚሠሩት የብዙዎቹ ደመወዝ በእኔ መስኮት ያልፋል፤ እናት የምትጦርበት፣ ልጅ የሚማርበት ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የሀገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ውኃው የጋራ ነው ተብሎ መውረጃው ሲቆለፍ ምን ይባላል? እኔ አንድን ደንበኛ፣ «ሂሳብዎ ውስጥ ገንዘብ አለ፤ መስኮቱ ግን አይከፈትም» ብለው በዚያው ቀን እከሰሳለሁ።

ሐይቅ ለሕዝብ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ደግሞ ከተማችን አታጣውም። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ለኢሬቻ እጅግ ብዙ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ሆራ አርሰዲ ይወርዳል። በዚያ ቀን አዛውንቱም ኮረዳይቱም በአንድ ቁልቁለት ይሄዳሉ፤ ውኃው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እኔ የምለምነው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ አንድ መንገድ፣ ከንጋት እስከ ምሽት የሚከፈት፣ ጠባቂ ያለው።

እኛ ጎልማሶች በዚህ ክርክር ዝም ማለታችን ያሳፍረኛል። ሽማግሌዎቹ ስለ ሰላም፣ ወጣቶቹ ስለ ሥራ ተናገሩ። ስለ መንገዱ መመስከር የነበረብን በእግራችን የምናውቀው እኛ ነበርን። ገና ወጣት ነኝ ማለት ትዝታ እያላመጡ መኖር ብቻ ከሆነ ምን ይረባል? ያገኘነውን ለሚቀጥለው ማሻገር የእኛ ዕዳ ነው። ዕዳ ምን እንደሆነ ደግሞ የባንክ ሠራተኛ አይጠፋውም።

ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። ስንወጣ እኒያን እናት ክንዳቸውን ይዤ ከደረጃው አወረድኳቸው። ስለ በሩ አላነሣንም። በቀጣዩ ቀጠሮ ግን ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ፣ እሳቸው እየሰሙኝ አነባለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ከግርጌው እነዚህን ስንኞች ጨመርኩ፦

ውኃውማ አለ፥ ከገደሉ በታች፥
እኛ ነን የራቅን፥ የበሩ ተመልካች።
መንገዱን መልሱልን፥ ዕድሜያችን ቢሄድ፥
ልጅ ሆነን ባንወርድም፥ ልጅ ይዘን እንውረድ።