ምን ሆነህ ነው በእግርህ?

አንድ እሁድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግሬ ስወጣ የሥራ ባልደረባዬ መኪናውን አቆመና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆነህ ነው በእግርህ? ግባ እንጂ!» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። ግን ይኸው ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ጂም ገብቶ፣ ትሬድሚሉን ሽቅብ አዘንብሎ፣ ግድግዳ እያየ ይራመዳል። ለውሸቱ ዳገት ይከፍላል፤ እውነተኛው ዳገት ላይ ሲያገኘኝ ያዝንልኛል።

እዚህ ከተማ በእግር መሄድ የማጣት ምልክት ሆኗል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ይህ ንቀት ኮረብቶቻችንን እያሳጣን ነው።

በመኪና ወጥቶ ማርያም ደጅ ፎቶ ተነስቶ መመለስ እንጦጦን ማየት አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ ከተማ እዚህ ብርድ ላይ ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉትም እዚሁ ማርያም ነው። ይህን መጽሐፍ ይነግራችኋል። ሰዉ ለምን ወደ ፍል ውሃ እንደወረደ ግን በደንብ የሚያስረዳችሁ ንፋሱና ጉልበታችሁ ነው።

ደኑም እንደዚያው። «ተፈጥሮ» እያልን የምንለጥፈው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ማገዶ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበበት ዘመን አዲስ አበባን ያቆያት እሱ ነው። በእኛ ሙያ ሆትፊክስ እንለዋለን፤ እንደ ብዙ ሆትፊክስ ቋሚ ሆኖ ቀረ። በመካከሉ የተረፈውን ጽድና ወይራ ለመለየት ቀስ ብሎ መሄድ ይጠይቃል።

በየካ በኩል ደግሞ ዋሻ ሚካኤል አለ። ከአለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው የተደረመሰ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትውፊት ወደ አብርሃ ወአጽብሃ ይወስደዋል፣ ተመራማሪዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል፤ በየትኛውም ሒሳብ ከተማዋን በመቶዎች ዓመታት ይበልጣታል። ላሊበላ ለመሄድ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው ይህን ያየ?

«ሌባ አለ፣ ጅብ አለ» ትሉኛላችሁ። አለ። እኔም ጫካው ውስጥ ብቻዬን አልገባም፣ እስኪመሽም አልቆይም። ግን ሌባ የሚወደው ሰው የማያልፍበትን መንገድ ነው። እኛ በቀረን ቁጥር ለሱ እየለቀቅንለት ነው።

ደግሞ መንገዱ ባዶ አይደለም። በማለዳ ወጥተው ጎንበስ ብለው ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ለአንዷ መንገድ ለቅቄ ስቆም ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው እዚህ የምትዞረው?» አሉኝ። የባልደረባዬ ጥያቄ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ልክ ነበር። አፈርኩ። ለእኔ መዝናኛ የሆነው ለእሳቸው እንጀራ ነው።

ክርክሬም እዚህ ላይ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። ግን በር ያለው ፓርክ የእግር መንገድን አይተካም። ኮረብታውን የምናውቀው በመኪናና በበር ብቻ ከሆነ፣ ነገ አጥር ሲታጠር ወይም አስፋልት ሲነጠፍ «ይህ እኮ የሰው መንገድ ነው» የሚል አይኖርም። እናቶቹ ይሉ ይሆናል፤ የሚሰማቸው ግን ማነው?

ካርታ ላይ የሌለ መንገድ ቢሮ ተቀምጦ ለሚያቅድ ሰው የለም። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ግን ማንም ሰው የእግር መንገድ መጨመር ይችላል፣ በነፃ። እኔ ጀምሬያለሁ። ከሦስት አራት ጓደኞቻችሁ ጋር ውጡ፣ ስልካችሁ መንገዱን ይመዝግብ፣ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጫኑት። ሸክም የያዘ ሰው ከመጣባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ዳር ያዙ፤ የመንገዱ ባለቤቶች እነሱ ናቸው።

ባልደረባዬንም ለሚቀጥለው እሁድ ጋብዤዋለሁ። «መኪና የት ነው የሚቆመው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሽሮ ሜዳ አልኩት።