ጋብቻን የሚተረጉመው ማን ነው? ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ምክር ቤትና ስለ ምሥጢረ ተክሊል

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በግዛቶቹ ሁሉ ሕጋዊ ካደረገ ወዲህ፣ በምእመናን ዘንድ አንድ ስጋት ደጋግሞ ይሰማል፤ «ነገ በእኛም አገር አንድ ዳኛ ተነሥቶ ይህንኑ ቢፈርድስ?» የሚል። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የአገራችንን ሕግ ገልጦ ላነበበ ሰው፣ መጠበቅ ያለበት በር ሌላ ነው።

በአሜሪካ ይህን ቀድመው የፈሩ ሕግ አውጪዎች ነበሩ። ሐምሌ 15 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤቱ በ233 ድጋፍና በ194 ተቃውሞ ያጸደቀው ረቂቅ፣ ጋብቻን የወንድና የሴት አንድነት ነው በሚለው የ1996 እ.ኤ.አ. ሕግ ላይ የሚነሣ ክርክርን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች እንዳያዩ የሚከለክል ነበር። ረቂቁ በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀረ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን።

እነርሱ ያልተሳካላቸውን ነገር የእኛ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በሌላ ምክንያት አድርጎት ይገኛል። ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ነው ከሚል መነሻ፣ በአንቀጽ 62 እና 83 የመተርጐም ሥልጣኑን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ለፍርድ ቤት አልሰጠም። አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን ምክር ቤቱ ነው። ይህም በተግባር የታየ ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በውርስ ክርክር ያለ ፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘቷን ተቃውማ እስከ ሰበር ድረስ ተሟግታ ሳይሳካላት ቀረ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን በ1996 ዓ.ም. የሃይማኖት ፍርድ ቤት የሚዳኘው ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ብቻ ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረው። የተተረጐመው ስለ ጋብቻና ቤተሰብ የሚናገረው አንቀጽ 34 ነበር።

ይኸው አንቀጽ ዕድሜያቸው ለጋብቻ የደረሱ ወንዶችና ሴቶች የመጋባት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ግን «ከተቃራኒ ጾታ ጋር» ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስን ጨምሮ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰብስበው፣ ግብረ ሰዶምን የሚከለክል ድንጋጌ በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ሕግ አውጪዎችን ጠይቀው ነበር። ድንጋጌው እስካሁን አልገባም። ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል በአንቀጽ 105 መሠረት የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ አንድም ሳይቀር መስማማት፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። ይህ አጥር ለመጨመርም ለመቀነስም እኩል ከፍ ያለ ነው። ድርጊቱ ራሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚያስቀጣ እንደሆነ ይታወቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን ድርጊቱን ኃጢአት ስትል ሰውየውን ለደቦ ፍርድ አሳልፋ አትሰጥም፤ የንስሐ አባት ደጃፍ ለማንም ክፍት ነው።

ታዲያ ሥልጣኑ ከዳኛ መውጣቱ ብቻውን ዋስትና ነውን? የግሪክን ነገር እንመልከት። ሕዝቧ በብዛት ኦርቶዶክሳዊ በሆነባት በዚያች አገር የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የካቲት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው ፓርላማው ነው፤ 176 ለ76 በሆነ ድምፅ፣ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን እየተቃወመች። ሕግ አውጪውን ምሽግ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ሳያስብ ማለፍ የለበትም።

በእኛ ሕግ ለዳኛ የቀረ ጠባብ ቀዳዳ አለ ከተባለ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 5 ነው። በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ፣ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያ ይጸናል ይላል። ሞራሉ ምን እንደሆነ የሚመዝነው ጉዳዩ የቀረበለት ዳኛ ነው። ዛሬ የምዘናው ውጤት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ይሁንና የናሚቢያ ክርክር የተነሣው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካና በጀርመን የተፈጸሙ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻዎች እንዲታወቁ ፈረደ፤ ፓርላማውም በሁለት ወር ውስጥ ውሳኔውን የሚሽር ረቂቅ አሳለፈ። ሊቃውንተ ሕግ ልጆቻችን ሊያስቡበት የሚገባው ቃል ይህ «ሞራል» የሚለው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለብዙው ምእመን የሚቀርበው ጉዳይ ግን በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ይገኛል። በዚያ ክርስቲያኑ በተክሊልና በቁርባን ወይም በሰማንያ፣ ሙስሊሙ በኒካህ ይጋባል። ሕገ መንግሥቱ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ እንዲታወቅ ፈቅዷል፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅም (ቁጥር 760/2004) ይህ ጋብቻ ከመዝገብ እንዲገባ ያዛል። ካህኑ በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 24 መሠረት የባረካቸው ባልና ሚስት ግን ብዙ ጊዜ የምዝገባውን ጽሕፈት ቤት ደጃፍ አይረግጡም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እንደሆነው፣ ከቤቱ የሚሸሽ ሰው ደግሞ ወረቀት ፈልጎ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ ባል ሲሞት ወይም ንብረት ሲያከራክር፣ በቅዱስ ቁርባን የጸናው ጋብቻ «ነበረ ወይስ አልነበረም?» ተብሎ በሰው ምስክር በፍርድ ቤት ይመረመራል። ዳኛ ጋብቻን አይተርጉም ስንል የኖርን ሰዎች፣ የራሳችንን ተክሊል መኖር አለመኖር እንዲወስንልን አሳልፈን የሰጠነው በገዛ እጃችን ነው። የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ የጋብቻ መዝገቡን አሟልቶ ቢይዝ፣ ካህናቱም ሙሽሮቹን ከተክሊሉ በኋላ ወደ ቀበሌው መዝጋቢ ቢመሯቸው፣ ለዚህ አዲስ አዋጅም የሕገ መንግሥት ማሻሻያም አያስፈልግም።