ስለ ራስጌ መብራት መከለያ

በአንድ ክፍል ሁለት ሰዎች ሲያድሩ፥ አንዱ ማንበብ ሌላው መተኛት የሚፈልግበት ሌሊት ብዙ ነው። ታላቁ ልጅ ለፈተና ይተጋል፤ ታናሹም በአጠገቡ ተኝቷል። ዐይን ቢከደን እንኳ ብርሃን በዐይን ቆብ ዘልቆ ስለሚገባ የሕፃኑ እንቅልፍ ይቈራረጣል። በዚህ ጊዜ እናቲቱ ለሕፃኑ አዝና ነጠላዋን በመብራቱ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሐሳቧ መልካም ነው፤ ሥራዋ ግን ቤቷን ለእሳት አሳልፎ የሚሰጥ ነው።

ይኸውም፥ በውስጡ ቀጭን ሽቦ እየጋለ የሚያበራው የቀድሞው ዐይነት አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 እጅ ያህሉን የሚለውጠው ወደ ሙቀት ነው። ጨርቅ ሲደረብበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፤ ጨርቁንም በመጀመሪያ ያጠቍረዋል፥ ቀጥሎም ሊያቃጥለው ይችላል። ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል በ9 ዋት የቀድሞውን የ60 ዋት ያህል ስለሚያበራ ሙቀቱ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን እርሱም በግርጌው ይሞቃልና መሸፈን አይገባውም።

እንግዲህ ዋናው ብልሃት መከለያውን በመብራቱ ላይ ማልበስ ሳይሆን በአጠገቡ ማቆም ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ወፍራም ካርቶን ወርዱን 80፥ ቁመቱን 45 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መቍረጥ፤ ከግራና ከቀኝ 20፥ 20 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ማጠፍ። መካከሉ 40 ሆኖ ይቀራል፤ ካርቶኑም በሁለት ክንፎቹ ያለ ድጋፍ ይቆማል። ወደ መብራቱ በሚዞረው ፊት ነጭ ወረቀት ቢለጠፍበት ብርሃኑን ወደ መጽሐፉ ይመልሳል። ጀርባው ወደ ተኛው ሰው ይዙር። ካርቶኑ ከአምፖሉ በየአቅጣጫው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ላዩም ምን ጊዜም ክፍት ይሁን። እጅግ በሚግለው ሃሎጅን አምፖል አጠገብ ግን ካርቶን ጨርሶ አይቁም።

ሥራው ካለቀ በኋላ መብራቱን አብርቶ፥ ከአጠገቡ ሳይለዩ ግማሽ ሰዓት ቈይቶ፥ ካርቶኑን በእጅ ጀርባ መዳሰስ ይገባል። የሞቀ እንደሆነ ማራቅ ወይም አምፖሉን ዋቱ ባነሰ መለወጥ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ደግሞ መረሳት የለበትም። መጀመሪያ፥ ኤሌክትሪክ በድንገት በተቋረጠበት ሌሊት አንባቢው ማጥፊያውን ሳይዘጋ ቢተኛ፥ እኩለ ሌሊት ላይ ሲመለስ መብራቱ ያለ ጠባቂ ሲበራ ያድራል። ስለዚህ በጨለማ ውስጥም ቢሆን ማጥፊያውን ዘግቶ መተኛት ይገባል። ሁለተኛ፥ ሻማ ወይም ኩራዝ በሚበራበት ጊዜ ካርቶኑን ከአጠገቡ ማንሣት ግድ ነው፤ ለአምፖል እንጂ ለነበልባል አልተሠራምና።

ካርቶኑ ከዕቃ መያዣ የተረፈ ነው፤ ድካሙም አንድ ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን በእርሱ አንዱ ልጅ ትምህርቱን፥ ሌላው እንቅልፉን ያገኛል፤ እናቲቱም ነጠላዋን ለትከሻዋ ታስቀራለች።