«ሲሙሌሽን ላይ ይሠራል»

«ሲሙሌሽን ላይ እኮ ይሠራል፤ ችግሩ ክራሩ ነው።»

ክራሩ ምን አጠፋ? የቡና መንደሩ አሪቻ ድረስ ተጉዞ፣ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ከሞንታርቦ አጠገብ ተቀምጦ፣ ድምፁ እንደ ቢንቢ ሲጢጥ ሲል ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ይገኛል። ማጉያውን በገዛ እጁ የበየደው ባለሙያ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ያሳያል፦ ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ሺህ ሄርዝ እንደ አውታር የተወጠረ ቀጥ ያለ መስመር። ሙግቱ እዚህ ላይ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ቲዎሪ የማያውቅ ይባላል።

ቲዎሪ ከተነሣ አይቀር ቲዎሪውን ማየት ነው። ኤልቲስፓይስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ የቮልቴጅ ምንጩን ሲከፍቱት፣ ተከታታይ ሬዚስታንሱ የሚጻፍባት አንዲት ሳጥን አለች። ባለሙያችን ሞልቷት አያውቅም። ባዶ ስትተው ፕሮግራሙ ምንጩን ዜሮ ኦም አድርጎ ይወስደዋል፤ የፈለጉትን ያህል ከረንት ቢስቡበት ቮልቴጁ ንቅንቅ የማይል ምንጭ ማለት ነው። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ። ዜሮ ኦም የሆነ ክራር ግን ዲላ ገበያም ሆነ መርካቶ ተሸጦ አያውቅም።

የአሪቻ ሰው ይህን ለመረዳት ኦም መቁጠር አያስፈልገውም። እሸት ቡና ተፈልፍሎ የሚታጠበው በውሃ ነው። በቀጭን ቱቦ የመጣ ውሃ መክፈቻው እንደተዘጋ ግፊቱ ያስደንቃል፤ ሲከፈት ይንጠባጠባል። የቱቦው ቅጥነት የምንጩ ኢምፒዳንስ ነው፤ መክፈቻው በሰፋ ቁጥር ደግሞ የተቀባዩ ኢምፒዳንስ ዝቅ ይላል። በተዘጋ ቧንቧ ግፊት ለክቶ መፈልፈያ የሚተክል ሰው አሪቻ ላይ ይሳቅበታል። በላፕቶፕ ሲያደርገው ግን ኢንጂነር ይባላል።

ወደ ክራሩ እንመለስ። እንጨቱ ላይ የሚለጠፈው ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ፒኤዞ ነው፤ ፒኤዞ ደግሞ ለሰርኪዩቱ ትንሽ ካፓሲተር ናት። 1 ናኖፋራድ እንበላት። የባለሙያችን ማጉያ መግቢያ፣ እንደ ብዙ ሚክሰሮች የላይን መግቢያ፣ 10 ኪሎ ኦም ነው እንበል። ሁለቱ ሲገናኙ ከ16 ሺህ ሄርዝ ጀምሮ ወደ ታች ያለውን ሁሉ እየበላ የሚሄድ ማጣሪያ ይሆናሉ። በ440 ሄርዝ ማጉያው ጋ የሚደርሰው ፒኤዞዋ ካመነጨችው ቮልቴጅ 36ኛው እጅ ብቻ ነው፤ በ160 ሄርዝ 100ኛው እጅ። የሚተርፈው የጥፍሩ ጭረት ነው። ቢንቢዋ የመጣችው ከዚህ ነው! መግቢያው 10 ሜጋ ኦም ቢሆን ኖሮ ያው ማጣሪያ ወደ 16 ሄርዝ ይወርድ ነበር፤ የሠርገኛው ጆሮም አያውቀውም።

ጊታርም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። 500 ኪሎ ኦም የሆነው የድምፅ መቆጣጠሪያ ሬዚስታንሱ እኩል በሚከፈልበት ቦታ ላይ ሲቆም፣ ምንጩ ለገመዱ 125 ኪሎ ኦም ያህል ሆኖ ይታያል። በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያለው 10 ሜትር ገመድ ሲቀጠልበት ከ1,300 ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ መደብዘዝ ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ ግን ገመድም የለ፣ መቆጣጠሪያም የለ። ባዶዋ ሳጥን ብቻ።

ይህች ሳጥን ቺፕ እስከ ማስመረጥ ትደርሳለች። ኤንኢ5532 የተባለው ኦፕአምፕ የቮልቴጅ ኖይዙ በስኩዌር ሩት ሄርዝ 5 ናኖቮልት አካባቢ ነው፤ የነባሩ ቲኤል072 18 ያህል። በዜሮ ኦም ምንጭ ሲፎካከሩ አሸናፊው ማን እንደሆነ ሕፃንም ይናገራል። ምንጩ 100 ኪሎ ኦም ሲሆን ግን የ5532 የከረንት ኖይዝ፣ 0.7 ፒኮአምፔር ገደማ፣ በዚያው ተባዝቶ ብቻውን 70 ናኖቮልት ይሆናል። በቲኤል072 በኩል ይህ ክፍያ ከቁጥር አይገባም። ባለሙያችን በስክሪን ያሸነፈውን ገዝቶ ድንኳኑ ውስጥ ሹሹታውን ያዳምጣል፤ እሱንም በጄኔሬተሩ ያሳብባል።

«ለማቅለል ነው» የሚል ምክንያትም አለ። የኤልቲስፓይስ መነሻ የሆነው ስፓይስ በ1973 እ.ኤ.አ. ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ስሙ ውስጥ ሳይቀር የተጻፈው የተቀናጀ ሰርኪዩት ትኩረቱ መሆኑ ነው። ቺፕ ውስጥ መመርመሪያ ሰድዶ መለካት አስቸጋሪ ስለሆነ ከመሠራቱ በፊት በስሌት ይፈተን ተብሎ የመጣ መሣሪያ ነው። ድንኳን ውስጥ ያለ ክራር ግን በእጅ ይዳሰሳል፣ በመልቲሜትር ይለካል። የሚለካውን ትቶ የተገመተውን ማመን ማቅለል ከሆነ፣ ጆሮንም ትቶ በዓይን ብቻ ሙዚቃ ማዳመጥ ይቻላል ማለት ነው።

ላፕቶፑ አሁንም ክፍት ነው። ከምንጩ በተከታታይ 1 ናኖፋራድ ማስገባት፣ 10 ኪሎ ኦሙን ባለበት መተው፣ እንደገና ማስኬድ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥ ብላ የነበረችው መስመር በግራ በኩል ቁልቁል ስትወርድ ትታያለች። ክራር ደርዳሪው ግን እስከዚያ ድረስ በባለሙያው ቃል አምኖ አዲስ አውታር ገዝቷል።