«ሶኬት አትፈልግም» ተብላ የምትሸጥ ማህደር

አዲስ አበባ ውስጥ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሊገዛ የወጣ ሰው ከሻጩ የሚሰማው ምክር አጭር ነው፤ «ትንሿን ውሰድ፣ ሶኬት አትፈልግም።» ገዢውም ሌላ ጥያቄ አያነሳም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሶኬት የማይፈልግ ዕቃ ሁሉ የብልህ ምርጫ ይመስላል። በዚህ ምክር የተነሳ የቪዲዮ ቤቱ የዓመታት ሥራ፣ የቢሮው ሰነድ፣ የቤተሰቡ ፎቶ ተጠቃሎ የሚኖረው ከጠረጴዛ ወደ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ወደ ታክሲ በምትዞር፣ መዳፍ በምታህል አንዲት ዲስክ ላይ ነው። ምክሩ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ስለ መብራቱ የሚናገረው ግማሽ እውነት ነው፤ ስለ ማከማቸት ደግሞ ምንም አይናገርም።

ከመብራቱ እንጀምር። ትንሿም ኤሌክትሪክ ትፈልጋለች፤ የምትወስደው ከኮምፒውተሩ ስለሆነ አይታይም እንጂ። ውስጧ ያለው ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ያንን የሚያቀብላት የዩኤስቢ ገመዱ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳ ግን ለጋስነቱ ልክ አለው። በደንቡ መሠረት ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ነው። ዲስክ ከፍተኛውን ኃይል የሚፈልገው ከቆመበት ተነስቶ መሽከርከር ሲጀምር ነው። ያረጀ ዴስክቶፕ ላይ፣ በፊት ለፊቱ ቀዳዳ፣ ወይም ማውዝና ፍላሽ በተደረደሩበት ሃብ ላይ ሲሰኳት ጠቅ ጠቅ እያለች የማትነሳው ሁልጊዜ ስለተበላሸች አይደለም፤ ኃይል ስላነሳትም ሊሆን ይችላል። ባለቤቷ ግን «ሞተች» ይላል። ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርግ ብሎ ሲጠይቀው እሺ የሚልም አለ።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ትልቁ ዲስክ፣ ባለሶኬቱ፣ ይህ ችግር የለበትም። ውስጡ ያለው ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግና ያንን ዩኤስቢ በተለመደው መንገድ ስለማይሰጠው የራሱን ቻርጀር ይዞ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ቢያረጅም ባያረጅም የሚበቃውን ያህል ያገኛል።

«መብራት ሲጠፋስ?» የሚለው የተለመደ መልስ ነው። ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው ሻጩ ልክ ነው፤ የላፕቶፑ ባትሪ ትንሿንም ስለሚሸከማት መብራቱ ቢጠፋ አይሰማትም። ተማሪው፣ መስክ የሚወጣው ጋዜጠኛ፣ ቤቱን ከቦርሳው ጋር ይዞ የሚዞር ሁሉ ትንሿን ይግዛ፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም። ማህደር የሚያከማቹት ቪዲዮ ቤቶችና ቢሮዎች ግን በብዛት የሚሠሩት በዴስክቶፕ ነው። ዴስክቶፑ ሲጠፋ በእሱ ላይ የተሰካችው ትንሿም አብራ ትጠፋለች። «ሶኬት አትፈልግም» የተባለው ጥቅም እዚህ ላይ ያበቃል።

የሚፈራውም አደጋ በትክክል አይታወቅም። የአሁን ዘመን ዲስኮች ኃይል ድንገት ሲቋረጥባቸው ሳህናቸው ገና በሚሽከረከርበት ጉልበት አንባቢውን ክንድ ስበው ማረፊያው ላይ ያሳርፉታል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ዲስኩ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ይጻፍ የነበረው ፋይል ነው። ማክም ዊንዶውስም እንዲያነበው ተብሎ ዲስኩ በኤክስፋት ፎርማት ከተደረገ ጉዳቱ ይብሳል፤ ኤክስፋት እንደ ኤንቲኤፍኤስ የጀመረውን ሥራ እየመዘገበ አይሄድምና። ለዚህ መድኃኒቱ ዩፒኤስ ነው። ባለሶኬቱ በሥራ ላይ ሳለ የሚወስደው አስር ዋት ገደማ ስለሆነ ዴስክቶፑን የሚሸከም ዩፒኤስ እሱንም ይሸከመዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ማከማቸቱ። አንድ ካሜራ ፎር ኬ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ሲቀዳ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ቢቀዳ 360 ጊጋባይት ሆነ። ይህ የሠርጉ ቀን ብቻ ነው፤ መልሱና ቅልቅሉ ገና ናቸው። ባለ 2 ቴራ የተባለችው ዲስክ ጥቂት ሠርግ ይዛ ትሞላለች፤ ከዚያ ሌላ ይገዛል፣ ከዚያም ሌላ። መጨረሻው ስም በፕላስተር የተለጠፈባቸው ትናንሽ ዲስኮች የሞሉበት መሳቢያ ነው፤ የትኛው ዲስክ የማንን ሠርግ እንደያዘ የሚያውቀው አንድ ኤዲተር ብቻ፤ እሱም ሥራ ሲለቅ እውቀቱን ይዞ ይሄዳል። የትንሿ መጠን ለዓመታት ከ5 ቴራባይት አላለፈም፤ 6 የደረሰው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ባለሶኬቶቹ ከ20 ቴራባይት በላይ የሚይዙ አሏቸው።

ትንሿ ያን ያህል እንድትይዝ የተደረገበትን ዘዴም ሻጩ አይነግራችሁም። ብዙዎቹ ትናንሽ ዲስኮች ዳታውን የሚጽፉት መስመሩን በመስመር ላይ እያደራረቡ ነው፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ እንደሚደራረብ። ከታች ያለውን አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር የላዮቹን መንቀል ግድ ነው። አንድ ጊዜ ጭኖ ለማስቀመጥ ይህ አይከፋም። ልትሞላ በተቃረበች ዲስክ ላይ በቀጥታ ኤዲት ማድረግ፣ መሰረዝ፣ እንደገና መጻፍ ሲመጣ ግን መንፏቀቅ ትጀምራለች። ፍርዱ ሚዛናዊ ይሁን ከተባለ፣ ከባለሶኬቶቹም ውስጥ በተለይ አነስ ያለ መጠን ካላቸው እንዲህ የሚጽፉ አሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ የሚሸጣቸው አንዳንድ ዲስኮች በዚህ ዘዴ እንደሚሠሩ ለገዢ ሳይናገር መቅረቱ ታውቆ ብዙ አስወቅሶታል። ሞዴሉን ጠይቆ መግዛት የሁላችንም ሥራ ነው።

ጥገናው ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ብዙዎቹ የዌስተርን ዲጂታል ትናንሽ ዲስኮች የዩኤስቢ መሰኪያቸው በቀጥታ ዲስኩ ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው። ገመዱ እየተወዛወዘ መሰኪያው ሲላቀቅ ሽፋኑን ከፍቶ ዲስኩን ሌላ ቦታ መሰካት አይቻልም። ባለሶኬቱ ሽፋኑ ቢበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የሚገኘው ተራ የሳታ ዲስክ ስለሆነ ወጥቶ ዴስክቶፕ ውስጥ ይሰካል፤ ዳታውን በራሱ የሚቆልፍ ሞዴል ካልሆነ በስተቀር። የእሱ ደካማ ጎን ቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ ሲጠፋ ቀዳዳው ልክ ስለመጣ ብቻ የላፕቶፕ 19 ቮልት የሚሰካበት ሰው ዲስኩን በአንድ አፍታ ያቃጥለዋል። ቻርጀሩ ላይ የዲስኩን ስም መጻፍ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ይህን ሁሉ ስል ባለሶኬቱን የሚገዛ ሰው ከጭንቀት ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ልማድ ከሁለቱም በላይ የቆየ ነው። ፋይሉን ከኮምፒውተሩ ወደ ኤክስተርናል ያዛውሩና፣ ከኮምፒውተሩ ያጠፉና «ባክአፕ አለኝ» ይላሉ። ባክአፕ የለም፤ ያው አንዱ ቅጂ ቦታ ቀየረ እንጂ። ከፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ስም ጋር ተያይዞ የሚነገረው የባለሙያዎች ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ለእኛ አቅም ሦስቱ ቢከብድ እንኳ ከሁለት መውረድ የለበትም። ባለ 4 ቴራ አንድ ከመግዛት ባለ 2 ቴራ ሁለት መግዛት ይሻላል። አንዱ ባለሶኬት ሆኖ ከጠረጴዛው አይነቃነቅ፤ ሌላው ትንሿ ሆና ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሰው ቤት ትደር። መሸከም የትንሿ እውነተኛ ሥራዋ ነው። ለሠርጉ መምጣት ላልቻለችው ዋሽንግተን ላለች እህት ሙሉውን ቪዲዮ በመንገደኛ ለመላክ ከእሷ የተሻለ የለም፤ በእኛ ኢንተርኔት ያን ያህል ፋይል መጫን ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሞከረ ያውቀዋል።

ሠርግ ሁለተኛ አይቀዳም። ስለዚህ ከቪዲዮ ቤት ጋር የምትዋዋሉ ሙሽሮች ሆይ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ካሜራ እንዳለ ብቻ አትጠይቁ፤ ቅጂው ስንት ዲስክ ላይ፣ የትና የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። መልሱ «ኤክስተርናል ላይ አለ» ብቻ ከሆነ ሌላ ቪዲዮ ቤት ፈልጉ።